የጎልፍ ዱላ አወነጫጨፍና የመምህራኑ ክርክር

ቆማ የምትጠብቅ ኳስ መምታት ከጨዋታ ሁሉ የቀለለ ይመስላል። የእግር ኳስ ተጫዋች ኳሱን ከባላጋራው እግር ነጥቆ፣ እየሮጠና እየተገፋ ይመታል። የጎልፍ ተጫዋች ግን ኳሷ ሣር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ የሚቀማውም የሚያጣድፈውም የለም። ዳሩ ግን ከ46 ግራም ስለማትበልጠው ስለዚህች ኳስ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ መደርደሪያ የሚሞላ ነው፤ መምህራኑም እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

የክርክሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ዱላው ከኳሷ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሰቀልና ተመልሶ ሲወርድ በአየር ላይ ክብ መሰል መንገድ ይሠራል። ተጫዋቹ ጐንበስ ብሎ የቆመ ስለ ሆነ ይህ ክብ እንደ ጋሪ መንኰራኩር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይም አይጋደምም፤ በሁለቱ መካከል ዘመም ይላል። ይህን ዘመም ያለ ዝርግ ገጽ በሒሳብ ቋንቋ ጠለል እንለዋለን። ጠለሉ ምን ያህል ይዘምም? ሲወጣና ሲወርድስ አንድ ነው ወይስ ሁለት? መምህራኑን የሚያከራክራቸው ይህ ነው።

ነገሩን በሰፊው ያሳወቀው ቤን ሆጋን የተባለው የቴክሳስ ተወላጅ ነው። ሆጋን በ1949 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መኪናው ከአውቶቡስ ተጋጭቶ ክፉኛ ቢጐዳም፣ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካን ኦፕን ውድድር አሸነፈ። በ1957 ከኸርበርት ዋረን ዊንድ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዝነኛ ሥዕል አለ። ከኳሷ እስከ ተጫዋቹ ትከሻ ድረስ አንድ ትልቅ መስተዋት ጋደም ብሎ ተዘርግቷል፤ የተጫዋቹ ራስ ብቻ በቀዳዳው ብቅ ብሏል። ዱላውን ወደ ኋላ ስትሰቅል ክንድህ ከመስተዋቱ በታች ይሁን፤ ከፍ ካደረግኸው መስተዋቱን ትሰብረዋለህ፣ ይላል ትምህርቱ።

ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ብዙ ሰውም አምኖ ተከትሎታል። ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል። ሆጋን ይህን ትምህርት የቀመመው የትኛውን ሕመም ለማዳን ነበር? ሆጋን በወጣትነቱ ያሠቃየው ኳሷ በኀይል ወደ ግራ እየተጠመዘዘች መጥፋቷ ነበር። ስለዚህ የግራ እጁን አያያዝ ለወጠ፤ የአንጓውን አቀማመጥ አስተካከለ፤ የዱላው ፊት ቶሎ እንዳይዘጋ መላ ፈለገ። መጽሐፉ የዚህ የረጅም ትግል ፍሬ ነው። ከጀማሪዎች የሚበዙት ግን የሚታመሙት በተቃራኒው ነው፤ ኳሳቸው ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። እንዲህ ያለው ጀማሪ የሆጋንን አያያዝ እንዳለ ቢወስድ፣ ትኩሳት ለያዘው ሰው የተሰጠውን መድኃኒት ብርድ የመታው ሰው እንደ ጠጣው ይሆናል።

በሌላው ወገን ጃክ ኒክላውስ አለ። ኒክላውስ እጆቹን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅል ነበር፤ በሆጋን ሥዕል ቢመዘን መስተዋቱን ሰባሪ ነው። ይሁን እንጂ ከ1962 እስከ 1986 ድረስ ከታላላቆቹ ውድድሮች 18ቱን አሸንፏል። ጂም ሃርዲ የተባለው መምህር በ2005 ባወጣው መጽሐፍ ሁለቱን ወገኖች ለይቶ አስቀመጣቸው። የአንድ ጠለል ተጫዋች ከወገቡ ይበልጥ ጐንበስ ይላል፤ ክንዱ ከትከሻው ጋር በአንድ ጠለል ላይ ይዞራል፤ ኀይሉም ከሰውነቱ መዞር ይመጣል። የሁለት ጠለል ተጫዋች ቀና ብሎ ይቆማል፤ ትከሻው ጋደም ብሎ ሲዞር ክንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሲመለስ ክንዱ ቀድሞ እንዲወርድ ጊዜ መስጠት አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን ሲቀላቅሉ ነው። አንድ ወጣት ክንዱን እንደ ኒክላውስ ሰቅሎ ሰውነቱን እንደ ሆጋን በኀይል ቢያዞር፣ ክንዱ ለመውረድ ጊዜ ያጣና ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዱላው ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ አግድም ይቈርጣታል። የሁለቱም መምህራን ቃል ለብቻው እውነት ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ተጣሉ። ባንድ እግር ሁለት ዛፍ አይወጣም ማለት ይህ ነው።

የሁለቱም ወገን ዳኛ ኳሷ ናት። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ሰከንድ ለሁለት ሺሕ ቢከፈል አንዱን እጅ ለሚያህል ጊዜ ነው። ኳሷ ዱላው ቀደም ሲል በየት በኩል እንደ ዞረ አታውቅም፤ የምታውቀው የዱላውን ፍጥነትና መንገድ፣ የፊቱን አቅጣጫና የፊቱን የትኛው ቦታ እንደ ነካት ብቻ ነው። ከዴንማርክ እንደ ወጣው ትራክማን ያሉ የራዳር መሣሪያዎች እንዳሳዩት፣ ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው፤ ወደ ጐን የሚያጐብጣት ደግሞ በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጂም ፊውሪክ ዱላውን ሲሰቅልና ሲመልስ በአየር ላይ ቀለበት የሚሠራ፣ ለዐይን የማያምር ተጫዋች ነው። ነገር ግን በ2003 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ በ2016ም በአሜሪካ ባለሙያዎች ዋና ውድድር ላይ ከዚያ በፊት ማንም ባልደረሰበት በ58 ምት 18ቱን ጉድጓዶች ጨረሰ።

እንግዲያስ ትምህርቱ ሁሉ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ሆመር ኬሊ የተባለው ሰው በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ምቱን በ24 ክፍሎች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል በልዩ ልዩ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል፣ ነገር ግን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው መስማማት እንዳለባቸው አስተማረ። ይህን አስቸጋሪ መጽሐፍ በወጣትነቱ ያጠናው የፊዚክስ ተማሪ ብራይሰን ዴሻምቦ፣ ዱላው በአንድ ጠለል ላይ እንዲዞር የብረት ዱላዎቹን ሁሉ በአንድ ርዝመት አሠርቶ፣ በ2020 እና በ2024 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ። ፊውሪክ ከአባቱ በተማረው፣ ዴሻምቦ ከመጽሐፍ ባገኘው ጸንተው ሁለቱም ደረሱ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የያዘውን ሙሉውን ያዘ።

ተማሪ ለሆነ ወይም አዲስ ሥራ ለያዘ ወጣት ለጨዋታ የሚተርፈው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ያን ጊዜ በየወሩ መምህር በመለወጥ ባያባክነው መልካም ነው። መጀመሪያ መጽሐፉን ሳይሆን ኳሱን ይመልከት፤ ወዴት ትነሣለች? ወዴትስ ትጐብጣለች? ሕመሙን ካወቀ በኋላ የመጽሐፉ ጸሐፊ ያው ሕመም የነበረበት እንደ ሆነ ይመርምር። ለቁመቱና ለወገቡ የሚስማማውን አንዱን ትምህርት ከመረጠ ደግሞ ከነአያያዙ፣ ከነአቋቋሙና ከነአዟዟሩ ይውሰደው፤ ፍሬውንም ለማየት ቢያንስ አንድ ወቅት ይታገሥ። ጓደኛው በሌላ መንገድ ቢያሸንፍ፣ የጓደኛው መንገድ ለጓደኛው አካል የተቈረጠ ልብስ መሆኑን አይርሳ።