ከማሽኑ መልስ



ባለፈው ጥር አንዲት የአምቦ እህታችን «ዘመድ ልጠይቅ» ብላ አዲስ አበባ ሄደች። የሄደችው ግን የላላ የጉንጯን ቆዳ በማሽን ለማስወጠር ነበር። ቢላዋና ስፌት የሌለበት ሕክምና በመሆኑ ማታውኑ ቤቷ ገባች። ፊቷ ቀልቶ ሲያዩ «ፀሐይ ነው» አለቻቸው። በማግሥቱ የጎረቤት ሠርግ ነበርና ከሱብሒ ሶላት በኋላ እስከ ረፋድ ምጣድ ላይ ቆመች፤ በቀትር ደግሞ ዕቃ ልታመጣ ጉደር ወረደች። ፊቷ አልበርድ ሲላት ከሱቅ የገዛችውን ክሬም ተቀባች። በሳምንታት ውስጥ ጉንጮቿ ላይ ማዲያት የመሰለ ጥቁረት ወጣ። ባለቤቷም አማቷም እውነቱን የሰሙት ያኔ ነው።

ይህ ሕክምና ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። አንዴ ከተደረገ በኋላ ግን ፊት እንክብካቤ ይፈልጋል።

ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ የቆዳን የውስጥ ክፍል ያሞቃል። እዚያ ያለው ኮላጅን የተባለ ክር መሰል ፕሮቲን ይኮማተራል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሳምንቱ መስታወት ፊት ቆሞ ማዘን ከንቱ ነው። መቅላቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። እብጠቱ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። ከአልትራሳውንድ በኋላ መንጋጋን ሲነኩት ለሳምንታት የሚያማቸውም አሉ።

የእኛ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ መጥቆር ይወዳል። በእነዚያ ቀናት የምጣድ እንፋሎት፣ የማድቤት እሳትና የአምቦ ፍል ውሃ ይቅሩ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ቀዝቀዝ ባለ ቀንም ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ጥላ መያዝ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም መቀባት ያስፈልጋል። ፊትን በሎሚ ማሸት አይገባም። ከሱቅ የሚገዙ ማቅያ ክሬሞችማ ይቅሩብን! አንዳንዶቹ ሳይጻፍባቸው ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ ስቴሮይዱ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል። ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ይበቃል።

ስለ ውዱእ የምትጠይቁን አላችሁ። ቆዳው ካልቆሰለ ቀዝቃዛ ውሃ አይጎዳውም፤ ሳያሹ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ነው። ውሃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ ግን ውሃው ይጎዳው እንደሆነ ሐኪምን፣ ስለ ተየሙም ደግሞ ኡስታዝን ጠይቁ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ አፍ ወይም ቅንድብ ወደ አንድ ወገን ከተዛባ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። አምቦም ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት ደግሞ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በድብቅ እንዴት ይሆናል? ምክንያቱን ያልተናገረች ሴት «ዛሬ ምጣድ አልቀርብም» ብትል በአምቦም ሆነ በጊንጪ ማን ይሰማታል? ባሎችም ብንሆን በሚስቶቻችን መጨማደድ ስንቀልድ ኖረን ኋላ «ለምን ደበቅሽን?» ማለታችን ያስተዛዝባል።

እህታችን አሁን በሐኪም ትእዛዝ እየታከመች ነው፤ ጥቁረቱ እስኪለቅ ወራት እንደሚወስድ ተነግሯታል። እንጀራውን ለጊዜው ትልቋ ልጇ ትጋግራለች። ጠርዙ እየተሰነጠቀባት ቤተሰቡ ይስቅባታል፤ አማትየውም ከልጅቱ አጠገብ ቆመው አብሲቱን ያስተካክሉላታል።