ወቀሳውን ይዞ የሚመለስ ሰው

አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 1984 ማኪንቶሽን ገበያ ላይ ሲያውል የማሽኑ ዋጋ 2,495 ዶላር ነበር። የማስታወሻ አቅሙ 128 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ የፍሎፒ መክተቻውም አንድ ነው። ፋይል የሚገለብጥ ሰው አንዱን ዲስክ እያወጣ ሌላውን እያስገባ ይውላል። ከሁሉ የከፋው ግን የፕሮግራም እጦት ነበር። ፕሮግራም ከሌለ ገዢ አይመጣም፤ ገዢ ከሌለ ደግሞ ፕሮግራም የሚጽፍ አይገኝም። ይህን ቋጠሮ እንዲፈቱ ከተሰማሩት መካከል ከጌጣጌጥ ንግድ የመጣው ጋይ ካዋሳኪ ይገኝበታል። የሥራ መደቡ «ሶፍትዌር ኢቫንጀሊስት» ይባል ነበር።

ካዋሳኪ ማሽን አይሸጥም። በየሶፍትዌር ኩባንያው እየዞረ፣ ገና ተጠቃሚ ላላፈራ ማሽን ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን አውጡ ብሎ ያግባባል። ያውም በጊዜው ለማኪንቶሽ ፕሮግራም ለመጻፍ በአብዛኛው ሊዛ የተባለው ሌላው የአፕል ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲወጣ 9,995 ዶላር ተቆርጦለታል። ይህን በአንደበት ብቻ ማሳመን አይቻልም። ፕሮግራመር ሞክሮ ያያል፤ የተጋነነውንም ቶሎ ይደርስበታል። ድካሙ ግን ፍሬ አፍርቷል። በ1985 አልደስ የተባለው የሲያትል ኩባንያ ፔጅሜከርን አወጣ። ፕሮግራሙ ከአፕል ሌዘር ፕሪንተር ጋር ተጣምሮ የጋዜጣ ገጽን ጠረጴዛ ላይ ማሰናዳት ሲያስችል ማኪንቶሽ የራሱን ገበያ አገኘ። አፕልን የታደገው የውጭ ሰዎች የጻፉት ፕሮግራም ነው።

ለዚህ ሙያ ያለኝ አክብሮት ከዚህ ይመነጫል። የኢቫንጀሊስት ደመወዝ ከኩባንያው ነው፤ ጆሮው ግን ደጅ ካሉት ሰዎች ዘንድ መሆን አለበት። ስለዚህ መድረክ ላይ ምን እንደተናገረ ብዙም አያሳስበኝም። የምጠይቀው ቢሮው ሲመለስ ምን ይዞ እንደገባ ነው። ከ2003 እስከ 2006 በማይክሮሶፍት የሠራው ሮበርት ስኮብል የቀጣሪውን ምርት በአደባባይ ይነቅፍ፣ ተፎካካሪ የተሻለ ሲሠራም ይመሰክር ነበር። ሰው ያመነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ተቃራኒው ገጽታ የታየው በዚያው ኩባንያ ነው። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ማይክሮሶፍት በተከሰሰበትና በ2007 በስምምነት በተዘጋው መዝገብ የውስጥ ሰነዶች ይፋ ወጥተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ለኢቫንጀሊስቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገለልተኛ የሚመስሉ ባለሙያዎች ምርቱን እንዲያወድሱ ከመጋረጃ ጀርባ ስለማመቻቸት ያስተምራል። ይህ በእኔ እምነት የአድማጭን አመኔታ መስረቅ ነው። የሚከፍልህን ደብቀህ የምትሰጠው ምስክርነት፣ ምርቱ ግሩም ቢሆን እንኳ፣ ሐሰት ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። በሒሳብ ሠራተኛ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «የፒችትሪ ችሎታ» የሚለውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ይህን የአሜሪካ ሶፍትዌር ብዙዎች የተማሩት ከማሠልጠኛ ተቋምና ከሥራ ባልደረባ ነው። ጳጉሜን 3 የተቆረጠው ደረሰኝ ሴፕቴምበር 8 ተብሎ ይገባል፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ሁለት የቀን መቁጠሪያ እያስታረቀ ያመሻል። ይህን ድካሙን ለሠሪው ኩባንያ የሚያደርስለት ሰው ግን አጠገቡ የለም።

ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባ የሒሳብና የሆስፒታል ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። እነሱ ይህን ክፍተት መሙላት ይችላሉ። ብሮሹር የሚያድል የሽያጭ ሠራተኛ ከመጨመራቸው በፊት፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ከሠራተኛው ጎን ወንበር ስቦ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይቅጠሩ። የትኛው ቁልፍ እንዳስቸገረው፣ የትኛውን ሪፖርት ወደ ኤክሴል ገልብጦ እንደ አዲስ እንደሠራው ይመዝግብ። በማግስቱም ማስታወሻውን ለፕሮግራመሮቹ ያንብብላቸው፤ እስኪያስተካክሉትም ይወትውታቸው።