«ዝም አለች» ማለት «እሺ አለች» ማለት አይደለም

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የ«ተናገረ» ተቃራኒ ምንድነው? «ዝም አለ» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ግን ቃሉን ቀስ ብላችሁ እዩት፦ ዝም... «አለ»! ጭጭ አለ፣ ጸጥ አለ፣ እረጭ አለ። ሁሉም ውስጥ «አለ» አለ። «ቁጭ አለ፣ ብድግ አለም እንላለን እኮ፣ የሰዋስው ጉዳይ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። እኔ ግን ቋንቋችን ዝም ያለ ሰውም የሚለው ነገር እንዳለው የሚያስታውሰን ይመስለኛል።

ደግሞ ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። የተቆጡት ልጅ ጭጭ ይላል፤ ፍርሃት ነው። ሲመሽ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ሰላም ነው። በቀትር ከተማው እረጭ ካለ ግን «ምን ተፈጠረ?» ብለን በመስኮት እናያለን። ያኮረፈ አለ፤ ዝምታው ከጩኸት ይብሳል። ትዳሩ እንዳይፈርስ ብሎ ነገሩን ዋጥ ያደረገ አለ። ገዳም ያሉ አባቶች አርምሞ አላቸው፤ እሱ ጸሎት ነው። ፓርላማ ውስጥ ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አለ፤ ከድጋፍም ከተቃውሞም ተለይቶ ይቆጠራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ቃል ይዘን፣ ሰው ዝም ሲል ለምንድነው አንድ ትርጉም ብቻ የምንሰጠው? «ዝምታ መስማማት ነው» የምትባለዋን ማለቴ ነው። ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ይላል፤ ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል፤ «እንግዲህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ይባላል። ይሄስ ይሁን።

ቤት ውስጥ ሲሆን ግን የሰው ሕይወት ነው። ሽማግሌ ይመጣል። ልጅቷ ትጠየቃለች። አንገቷን ትደፋለች። «አፍራ ነው እንጂ ተስማምታለች» ተብሎ ቀን ይቆረጣል። ጨዋ ልጅ በትልልቅ ሰው ፊት አትናገርም እያሉ ያሳደጓትም እነሱው ናቸው። ዝምታን አስተምረዋት ሲያበቁ ዝምታዋን እንደ ፊርማ ይቆጥሩታል።

ሕጉ እንኳ እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ላይ፣ ውል እንግባ ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ዝምታው እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል፤ ሕጉ ራሱ ከለያቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው ይላል። በሬ ለመግዛት እንኳ የባለቤቱን «እሺ» እንጠብቅ የለም እንዴ? ለልጃችን ሲሆን ምን አስቸኮለን?

ስለዚህ ሰው ዝም ሲል ደግመን እንጠይቅ። ሽማግሌ በሌለበት፣ ለብቻዋ፣ «አይሆንም ብትዪ ማንም አይቆጣሽም» ብለን። ከልብ ብለን። ያኔም ዝም ካለች፣ እሺ አላለችም። በቃ።

በእናንተ አካባቢ ለዝምታ ሌላ ምን ቃል አለ? ከነትርጉሙ ጻፉልኝ።