መጠየቅ ክህደት ነውን?

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ፤ ደግሞም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሁለቱም ምሳሌ በየቦታው እውነት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ወጣት ስለ ፈጣሪ ሲጠይቅ ፊተኛው ምሳሌ ብቻ የሚጠቀስለት መሆኑ ነው። ልጁ «ዓለም ሳይፈጠር ምን ነበረ? እግዚአብሔርስ ምን ይመስላል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌው «ዝም በል፥ ይህ ወደ ክህደት ያደርሳል» ብሎ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ወጥቶ ጥቂት መጽሐፍ ያገላበጠ ጓደኛውን ሲጠይቅ ደግሞ «የሚያስብ ሰው በፈጣሪ አያምንም» ብሎ ይስቅበታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጠላቶች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም እምነትና ምርመራ በአንድ ቤት አይኖሩም ይላሉ። እኔም ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ፤ ለምስክርነትም ኦሪትን ለዓለም ያቈየውን የአይሁድን ሕዝብ እጠራለሁ።

በመጀመሪያ ከልካዮቹ የሚሉትን በቅን ልቡና እንስማ። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፥ ከዓለም በላይና በታች፥ ከዓለም በፊትና በኋላ ያለውን ለመመርመር የሚደፍረውን ሰው አጥብቆ ይገሥጻል፤ የፍጥረትንም ምሥጢር በጉባኤ ማስተማርን ይከለክላል። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1305 ዓ.ም.፥ በእስፓኝ አገር በባርሴሎና ከተማ ረቢ ሰሎሞን ቤን አድሬትና ባልንጀሮቹ ዕድሜው 25 ዓመት ያልሞላ ሰው የግሪክን ፍልስፍና እንዳይማር አወገዙ። ውግዘቱ ለ50 ዓመት እንዲጸና ተወሰነ፤ የሕክምና ትምህርት ግን ተፈቀደ። እነዚህ ሰዎች ማይማን አልነበሩም፤ ቤን አድሬት በዘመኑ ከነበሩት የአይሁድ የሕግ ሊቃውንት በታላቅነቱ የታወቀ ነበረ። የፈሩትም ወጣቱ ሥር ሳይሰድ በነፋስ እንዳይወሰድ፥ አብርሃምንና ሣራንም እንደ ምሳሌ ብቻ እንዳይቈጥራቸው ነው። ይህ የአባት ፍርሃት ነውና አልስቅበትም። ነገር ግን ፍርሃት ለጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም።

የጥንት ሊቃውንቶቻቸው ራሳቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበረ እንመልከት። ኦሪት ዘፍጥረትን የሚተረጕመው «በሬሺት ራባ» የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ አንድ ፈላስፋ ወደ ረቢ ገማልያል መጥቶ «አምላካችሁ ታላቅ ሠዓሊ ነው፤ ነገር ግን ጨለማና ውሃ፥ ነፋስና ጥልቅ፥ የመሳሰለውም ሁሉ ተዘጋጅቶ ስለ ቈየው በጥሩ ቀለም ተረድቷል» አለው። ገማልያል ተቈጣ። ነገር ግን በቍጣው ላይ አላበቃም፤ እያንዳንዱ «ቀለም» ራሱ የተፈጠረ መሆኑን ከቅዱሳት መጻሕፍት እየጠቀሰ መለሰለት። በዚሁ መጽሐፍ ረቢ ዮሐናን መላእክት በሁለተኛው ቀን ተፈጠሩ ሲል፥ ረቢ ሐኒና በአምስተኛው ቀን ነው ይላል። በግዕዝ ሙሉውን ጠብቀን ያቈየነው፥ የጥንት አይሁድ የጻፉት መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያደርገዋል። ረቢዎቹ «መልአክ ፈጣሪን ረዳው» የሚል እንዳይነሣ የመጀመሪያውን ቀን አልተቀበሉም፤ እርስ በርሳቸው ያልተስማሙበትን ግን አልደበቁም። ሁለቱን አሳብ ጎን ለጎን ጽፈው ለልጆቻቸው አወረሱ። በራሱ እውነት የሚተማመን ሰው ክርክርን አይሰርዝም።

ሙሴ ቤን ማይሞንን ደግሞ ተመልከት። በኮርዶባ ተወልዶ በ1204 ዓ.ም. በግብፅ የሞተ ሐኪምና የሕግ ሊቅ ነው። ዮሴፍ የተባለ ደቀ መዝሙሩ በኦሪትና በፍልስፍና መካከል ተጨንቆ ነበር። መምህሩ «ዝም በል» አላለውም፤ «የተደናገሩ ሰዎች መሪ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈለት። በዚህም መጽሐፍ፥ የእግዚአብሔር እጅና ዐይን የሚለው ንግግር ለሰው ልቡና የተነገረ ምሳሌ መሆኑን፥ ፈጣሪ ሥጋ የሌለው መሆኑን አስተማረ። ስለ ባሕርዩም «እንዲህ ነው» ብሎ ከመድፈር «እንዲህ አይደለም» እያሉ ሐሰተኛውን ሥዕል ማራገፍ እንደሚሻል ገለጸ።

ከልካይ ሽማግሌ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በል። ጥያቄውን ስትከለክል ልጁ ያለ አሳብ የሚቀር ይመስልሃልን? በልቡ አስቀድሞ ሥዕል አለ። ነጭ ጢም ያለው፥ እንደ ጎረቤት ዳኛ የሚቈጣ፥ እንደ ባለጸጋ በስጦታ የሚታረቅ አምላክ ሥሎ ይዟል። ጥያቄው ያንን ሥዕል ሊያፈርስ ይችል ነበር፤ አንተ ግን ዘበኛ ሆነህ ጠበቅኸው። ያልጠየቀ ሰው ከጣዖት አልዳነም፤ እንጨት ሳይጠርብ ጣዖት ሠራ እንጂ።

ፍጥረትንም በሚመለከት የቤን ማይሞንን ቅንነት ተማር። አሪስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የለውም ብሎ ነበር። ቤን ማይሞን «መጽሐፍ እንዲህ ይላልና ክርክሩ አለቀ» ብሎ አላመለጠም። ይህ ነገር በእውነተኛ ማስረጃ ቢረጋገጥ፥ ስለ እግዚአብሔር እጅ የተነገረውን እንደ ተረጐምሁ ይህንንም ለመተርጐም እችል ነበር አለ። ነገር ግን ማስረጃውን መርምሮ ያልተፈጸመ ሆኖ አገኘው። ሁሉ ነገር በግድ የሚሆን ከሆነም ሕግና ተአምር ስፍራ እንደማይኖራቸው አስረዳ። ስለዚህ ዓለም ካለመኖር በፈቃድ እንደ ተፈጠረ አመነ። ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ አለመናገር፥ ይህ የአማኝም የተመራማሪም ክብር ነው።

ከእርሱ በኋላ በ1288 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሣይ ሌዊ ቤን ጌርሾም ተወለደ። በባርሴሎና ውግዘቱ ሲታወጅ የ17 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ውግዘቱ አገሩን የሚገዛ ስላልነበረ ፍልስፍናንም የከዋክብትንም ትምህርት ተማረ፤ በከዋክብት መካከል ያለውን ስፋት የሚለኩበትን በትር አሠራር ጻፈ። በ1329 ዓ.ም. በፈጸመው መጽሐፉም ከአሪስጣጣሊስም ከቤን ማይሞንም ተለየ። ዓለም መጀመሪያ አለው፤ የተፈጠረው ግን መልክ ከሌለው ነገር ነው አለ። ብዙዎች ተቃወሙት፤ እኔም በዚህ አልከተለውም። ቢሆንም ይኸው ሰው የመጻሕፍት መተርጕም ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። ጥያቄው ከሕዝቡም ከአምላኩም አልለየውም።

አሁን ወደሚስቀው ጓደኛ ልመለስ። እርሱ «በ1656 ዓ.ም. የአምስተርዳም አይሁድ የ23 ዓመቱን ስፒኖዛን ስለ አሳቡ አውግዘው አላባረሩትምን?» ይለኛል። አዎን፥ አባርረውታል፤ ይህንም አልሸሽግም። ያ ቀን የከልካዮች ስሕተት ማስረጃ ነው፤ መልስ ሊሰጡት የሚገባቸውን ልጅ በር ዘጉበት። ነገር ግን ወዳጄ ሆይ፥ ስፒኖዛ እንዳንተ በነገሩ አልሳቀም። ከፈጣሪና ከፍጥረት አንድነትና ልዩነት ጋር ዕድሜውን ሙሉ ታገለ፤ ዋናው መጽሐፉም የሚጀምረው ስለ እግዚአብሔር በመናገር ነው። አንተ የማንን ክርክር አንብበህ ሳቅህ? «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» እንደሚባለው፥ ያልደከሙበት ክህደትም ያልደከሙበት እምነትም ባለቤቱን ያጎድፋሉ።

አንተ ወጣት አንባቢ፥ እንግዲህ ጠይቅ። ነገር ግን እንደ ዮሴፍ ከመምህር እግር ሥር ሆነህ ጠይቅ፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ ጠይቅ። ያልተረጋገጠልህን ተረጋግጧል አትበል፤ ያልገባህንም የለም አትበል። መልስ ያጣህበት ሌሊት ቢመጣ አትደንግጥ፤ ካንተ የበለጡ ሰዎች በዚያ ሌሊት መብራት አብርተው አንብበዋል። እናንተም አባቶች፥ ልጅ የሚጠይቃችሁ ገና ስላመናችሁ ነው። ዝም ያሰኛችሁት ቀን መጠየቁን አይተውም፤ እናንተን መጠየቁን ይተዋል።