ጥቁር ማያ ገጽ የኮምፒውተር ሞት አይደለም

በኦሮራ ከተማ፣ ከሃቫና ጎዳና ብዙም በማይርቅ የወዳጆቼ ቤት ለቡና ተጠርቼ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀርብ የ14 ዓመት ልጃቸው ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ሊኑክስ ከጫነበት ወዲህ የዊንዶውስ ጨዋታ ሲከፍት ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። አባቱ «ዕቃው አርጅቷል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ እንገዛለታለን» አሉኝ። እናቱ ግን ዝም አሉ። የሚቀጥለው ወር ገንዘብ ለአገር ቤት የታሰበ ነበር።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ በደኅና የሚሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ከደጅ ቀርተዋል። ሊኑክስ ለእነዚህ ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጣቸዋል። እኔም የምሟገተው ምስሉ ጠፋ ተብሎ ይህ ዕድሜ በከንቱ መቀጨት የለበትም ብዬ ነው።

ነገሩ የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ለወላጆቻቸው እንደሚያስተረጉሙት ሁሉ፣ በ1993 የተጀመረው ዋይንና ቫልቭ ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የዊንዶውስን ጨዋታ ለሊኑክስ ያስተረጉማሉ። ጨዋታው ለግራፊክስ ካርዱ በዳይሬክት ስሪዲ ይናገራል፤ በፕሮቶን ውስጥ ያለው ዲኤክስቪኬ ይህን ወደ ቫልካን ይመልሰዋል። የካርዱ ድራይቨር ቫልካንን ካላወቀ ወይም ከሌለ አስተርጓሚው የሚያናግረው ያጣል። ውጤቱም ጥቁር ማያ ገጽ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ቺፕ እንደሆነ ይታይ። ቫልካንኢንፎ የተባለው ትእዛዝ የካርዱን ስም ይናገራል። በስሙ ፈንታ «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል ብቻ ከመጣ፣ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እየሣለ ነው። ቀጥሎ ድራይቨሩ ይፈተሽ። ለኤኤምዲና ለኢንቴል ሜሳ ማደስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለኢንቪዲያ የኩባንያው ድራይቨር ይጫናል። የቆዩ ጨዋታዎች ባለ 32 ቢት የድራይቨር ፋይሎችንም ይፈልጋሉ። የዲኤክስቪኬ 2.0ና ከዚያ ወዲህ የወጡት ቅጂዎች ቫልካን 1.3ን ስለሚጠይቁ፣ ካርዱ ያረጀ ከሆነ ቀደም ያለ የፕሮቶን ቅጂ ይሞከር። በእያንዳንዱ ሙከራ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ያዳነው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የልጁ ላፕቶፕ ሁለት የግራፊክስ ቺፖች ነበሩት። የኢንቪዲያው ድራይቨር ስላልተጫነ ጨዋታው በደካማው ቺፕ ሊነሣ ይታገል ነበር። ድራይቨሩን ጭነን፣ ጨዋታውን ወደ ኢንቪዲያው መርተን ስናስነሣው ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ምስሉ መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ትንሽ ቢንተፋተፍም፣ ያ ሼደሮች እየተዘጋጁ ስለሆነ ቆይቶ ይስተካከላል።

ለዴንቨር ነዋሪ ይህ ሩቅ እውቀት አይደለም። ከ2005 ጀምሮ የሊኑክስ ኮምፒውተሮችን የሚሸጠው ሲስተም 76 መቀመጫው እዚሁ ዴንቨር ነው። ፖፕ ኦኤስ የተባለው ሥርዓቱ የኢንቪዲያን ድራይቨር አብሮ የያዘ ቅጂ አለው።

ሁሉም ጨዋታ ይሠራል ብዬ ግን አልዋሽም። ፎርትናይትና ቫሎራንት በፀረ ማጭበርበር ሥርዓታቸው ምክንያት ሊኑክስን አያስገቡም፤ ይህን የትኛውም ድራይቨር አይፈታውም። ልጅዎ የሚጫወተው እነዚህን ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ከመጫንዎ በፊት ይወቁት።

ከዚህ ውጭ ግን ቦርሳ ከመክፈት በፊት አንድ ሰዓት ለምርመራ መስጠት ይገባል። ቅዳሜና እሑድ ለልጆች አማርኛ የሚያስተምሩ ማኅበሮቻችንም ከፊደሉ ጎን ለዚህ የሚሆን ሰዓት ቢመድቡ መልካም ነው። ያ ልጅ በዚያን ቀን ከጨዋታው የበለጠ ያተረፈው፣ ብልሽት ምክንያት እንዳለውና ምክንያቱም ተፈልጎ እንደሚገኝ ማወቁን ነው።