ቃኚው ዓይን ጦር ሲታጠቅ

ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር ከመንግሥት አዳራሽ አልፎ በየመንደሩ ከገባ ቆይቷል፤ በኡራኤልና በካዛንቺስ ቡና ቤቶች ጥቂት የተቀመጠ ሰው አሰብ፣ ታጁራ፣ በርበራ የሚሉትን ስሞች ሳይሰማ አይነሣም። ይህም ሊደንቅ አይገባም፤ ከንግዷ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን በጅቡቲ በኩል የምታመላልስ አገር ስለ ባሕር ባታስብ ነበር የሚደንቀው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን ከገለጸ፣ በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ለዚሁ የሚረዳ ስምምነት ከተፈረመ፣ በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የተደረገው የመግባቢያ ሰነድ ያስነሣውም ቁጣ ከዓመት በኋላ በአንካራው መግለጫ ከበረደ ወዲህ፣ የሕዝቡ ንግግር ሁሉ ወደብና መርከብ ሆኖ ሲቀር፣ ከሁለቱም የሚቀድመው ጥያቄ፣ ይኸውም ባሕሩን ማን ይመለከታል፣ የሚመለከተውስ ምን ሥልጣን ይኑረው የሚለው፣ ጠያቂ አላገኘም።

ጥያቄው አሁን መነሣት ያለበት፣ ኃያላን መንግሥታት የባሕር ቃኚ አውሮፕላንን ከተመልካችነት ወደ ተዋጊነት እያሸጋገሩት ስለ ሆነ ነው። ፒ 8 ፖሰይደን የተባለው የአሜሪካ ቃኚ ጄት በሆዱ ውስጥ ቶርፔዶ፣ በክንፉ ሥር ደግሞ ሃርፑን የሚባለውን ፀረ መርከብ ሚሳይል ይሸከማል፤ ሕንድም ይህንኑ ዓይነት አውሮፕላን ገዝታለች፤ ጃፓን ራሷ የሠራችው ፒ 1 የተባለው ጄትም እንዲሁ ሚሳይል ይታጠቃል። አዲስ ባሕር ኃይል የሚያቋቁም አገር የሌላውን ልምድ ሲገዛ ልማዱንም አብሮ ሊገዛ ይችላልና፣ ገንዘቡ ሳይወጣ አሳቡ ቢመረመር ይሻላል።

የቃኚ አውሮፕላን ጥቅሙ ግልጽ ነው። የምድር ክብነት የመርከብን ራዳር ስለሚጋርደው፣ አንዲት መርከብ ሌላዋን በውኃው ገጽ ላይ የምታየው ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ብቻ ሲሆን፣ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ግን አድማሱ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋለታል። የቀይ ባሕር ስፋት ከሁሉ በሚሰፋበት ቦታ ከ355 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ላይ የሚበር አንድ ቃኚ የዓረቡንም የአፍሪካውንም ዳርቻ ባንድ ጊዜ ይቃኛል ማለት ነው። ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ ለባሕር ጠባቂም የጥበብ መጀመሪያው ማየት ነው።

ሚሳይል ይጨመርበት የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ዋዛ አይደለም። ሚያዝያ 26 ቀን 1974 ዓ.ም. በፎክላንድ ጦርነት ኔፕቱን የተባለ የአርጀንቲና አሮጌ ቃኚ አውሮፕላን የእንግሊዞችን መርከብ ሼፊልድን አግኝቶ ቦታዋን ባመለከተ ጊዜ፣ ሁለት ተዋጊ ጄቶች በዚያው ምልክት ተመርተው ሁለት ኤግዞሴት ሚሳይሎችን ለቀቁ፤ አንዱ መታት፤ 20 መርከበኞችም ሞቱ። ከዚህ ተነሥተው፣ ተመልካቹና መቺው ሁለት ከሚሆኑ ያየው ራሱ ቢመታ ጊዜ ይተርፋል፣ ጠላትም አያመልጥም ይላሉ።

እኔ ግን ጊዜ የሚተርፈው ከማሰቢያው ላይ ተቀንሶ መሆኑን እፈራለሁ። በቃኚው ውስጥ ባለው የራዳር መስታወት ላይ መርከብ ሁሉ በመጀመሪያ ነጥብ ነው፤ ያ ነጥብ የጦር መርከብ፣ ነዳጅ ጫኝ፣ ወይም ከየመን ወደ ጅቡቲ ስደተኛ የጫነ ሳምቡክ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ጦር ባልታጠቀ ጊዜ ሥራው መጠራጠር፣ መቅረብ፣ ደግሞ ማየት፣ ያየውንም ለበላዩ መንገር ሲሆን፣ ሚሳይል በታጠቀ ጊዜ ግን ከሩቅ መወሰን ግዴታው ይሆናል፤ ኤግዞሴትን የመሰለ ሚሳይል በሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር የተለቀቀው ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከዒላማው ይደርሳልና ስሕተቱን ማረሚያ ጊዜ የለም። ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢራቅ አውሮፕላን በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ስታርክ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ በሁለት ኤግዞሴት መትቶ 37 መርከበኞችን በገደለ ጊዜ፣ የባግዳድ መንግሥት የሰጠው ምክንያት የኢራን መርከብ መስላን ነው የሚል ነበር። በአገራችን የሸንጎ ልማድ ምስክር ዳኛ፣ ዳኛም ፍርድ ፈጻሚ እንዳይሆን የተጠነቀቁት አባቶች፣ ሦስቱ ሥልጣኖች ባንድ ሰው እጅ ሲወድቁ የሚመጣውን ያውቁ ነበር።

በስሙ ሰፈራችን የሚጠራበት ሊቀ መላእክት ኡራኤል፣ በመጽሐፈ ሄኖክ እንደምናነበው፣ ሄኖክን እየመራ የብርሃናትን መውጫና መግቢያ ያሳየው፣ የሰማይን ሥርዓት የገለጠለት ነው፤ ተልእኮው ማሳየትና ማስተዋልን መስጠት ነበር። በዚያው መጽሐፍ ግን ስለ ሌሎች ትጉሃን ይነገራል፤ ምስጢሩ ለትርጓሜ ሊቃውንት ይቆይና፣ በላይ ሆነው መትጋት የተገባቸው እነዚህ ማዕረጋቸውን ትተው ወርደዋል፣ ከመካከላቸውም አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን አስተምሯል። ከዚህ ወዲያ ምድር በደም መሞላቷን አንባቢ ያስታውሳል።

ሌላም ጭንቀት አለ፤ ይኸውም በተለይ የእኛ ነው። ፒ 8 የተሠራው ከቦይንግ 737-800 አካል ሲሆን፣ ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስም በየዕለቱ ቦሌ ይወርዳል፣ ከቦሌም ይነሣል። የመንገደኛው ወንድም ሚሳይል ተሸክሞ በአንድ ሰማይ ከበረረ፣ በፍርሃት የሚመለከት የራዳር ሠራተኛ ሁለቱን እንዴት ይለያቸዋል? ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም. የኢራንን የመንገደኛ አውሮፕላን ተዋጊ ጄት መስሏት በመምታቷ 290 ነፍሳት ጠፍተዋል። ክብሯንና ገቢዋን በአየር መንገዷ ላይ ያኖረች አገር እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ በገዛ እጇ ልትዘራው አይገባም።

የራሳችን ታሪክስ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከብናትና “ኢትዮጵያ” ተብላ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የሆነችው፣ ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረችው፣ የተሠራችው በባሕር ላይ የሚያርፉ ቃኚ አውሮፕላኖችን ለማገልገል ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ተርሚት የተባለውን ፀረ መርከብ ሚሳይል የሚተኩሱ የኦሳ ጀልባዎች ከሶቪየት ኅብረት መጡልን፤ ነገር ግን የካቲት 1982 የሻዕቢያ ጦር በምድርና በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ምጽዋን ሲይዝ ለትልቅ መርከብ የተሠራው ሚሳይል ከተማይቱን አላዳናትም። ከዚያም አስቀድሞ፣ በግንቦት 1976፣ ከአስመራ እየተነሡ ባሕሩን ይቃኙ ከነበሩት የሶቪየት ኢል 38 አውሮፕላኖች ሁለቱ በቆሙበት በኮማንዶዎች ተቃጥለዋል። ከእነዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የቃኚ አውሮፕላን ጥበቃው ከክንፉ ሥር በሚሰቀለው ጦር ሳይሆን በማረፊያው ሰላምና በዙሪያው ካለው ሕዝብ ጋር ባለው ስምምነት መሆኑ ነው። በግንቦት 1983 “ኢትዮጵያ” ወደ የመን ሸሽታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ስትሸጥ፣ መርከብን የሚያኖረው በስተ ኋላው ያለው የፖለቲካ ሰላም መሆኑን አይተናል።

ባላጋራዬ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ዛሬ ቀይ ባሕር ሰላም የለውም፤ ሁቲዎች የመቷት ሩቢማር ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደ ጫነች የካቲት 23 ቀን 2016፣ እኛ ዓድዋን በምናከብርበት ዕለት፣ ሰጥማለች፤ ታዲያ ባዶ እጁን የሚበር ቃኚ ምን ይረባል? ምላሼ ይህ ነው፤ ሩቢማርን የመታው ሚሳይል ከየብስ የተተኰሰ ነበርና፣ ፀረ መርከብ ሚሳይል የታጠቀ ቃኚ ባላስቀረውም ነበር፤ ጊዜውን ጠብቆ የሚያስጠነቅቅ ዓይን ግን መርከበኛውን መንገድ ያስቀይረዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ግን የጎረቤት ፈቃድ ነው። አውሮፕላን ወደብ አያስፈልገውም፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ከተማ በአየር 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት በ1937 ዓ.ም. የቺካጎ ስምምነት መሠረት ግን የመንግሥት አውሮፕላን በሌላ አገር ሰማይ ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ማነው እንግዲህ ሚሳይል ለታጠቀ ጄት ሰማዩን ከፍቶ የሚሰጥ? ወንበዴን፣ ሕገ ወጥ ዓሣ አስጋሪንና የሰጠመን ስደተኛ የሚፈልግ፣ ያየውንም ለጎረቤት የሚያካፍል ቃኚ ግን ፈቃድ የሚጠየቅለት ምክንያት አለው። መሠረቱም ተጥሏል፤ ጥር 21 ቀን 2001 በጅቡቲ በወጣው የባሕር ላይ ውንብድና መከላከያ የሥነ ምግባር ደንብ ላይ፣ ባሕር ባይኖራትም ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች፤ ደንቡም አገሮቹ ስለ ባሕሩ የሚያውቁትን እንዲለዋወጡ ያስተባብራል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የሚቋቋመው ባሕር ኃይል የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ሲመርጥ ሚሳይል የሌለው ቃኚ ይምረጥ፤ ይህም በአዋጅ ይጻፍ፤ የመምታት ሥልጣን አስፈላጊ የሆነ ጊዜ በሌላ ክፍል፣ በሌላ አዛዥ፣ በተለየ ትእዛዝ ሥር ይሁን፤ ቃኚው የሚያገኘውም ዜና ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ጋር በስምምነት ይካፈል። ይህ የድካም ምልክት ነው የሚል ቢኖር፣ ባሕሩን በጎረቤቶቿ ፈቃድ በየዕለቱ የምታይ ኢትዮጵያ፣ ሚሳይል ታጥቃ ድንበር ላይ ከምትመለስ ኢትዮጵያ ይልቅ ወደ ባሕሩ የቀረበች መሆኗን ያስብ።