ማኅተሙ በጸሐፊው እጅ፣ ትእዛዙ በሌላው አፍ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለገበሬው ማዳበሪያ በሚያደርሱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ይህ ብሂል አሳዛኝ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ትእዛዙ በቃል ይመጣል፤ ይረሳልም። በወረቀት ላይ የሚቀረው የጸሐፊው ፊርማ ነው፤ ሲወረስ የሚገኘውም ዕዳው ነው።

ይህ ጸሐፊ ማን ነው? ደመወዝ የሌለው፣ ማንበብና መጻፍ በመቻሉ ብቻ ጎረቤቶቹ የመረጡት ገበሬ ነው። ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደገባ፣ ለማን እንደታደለ፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ የሚመሰክረው የእርሱ መዝገብ ነው። የማዳበሪያ ብድሩን የክልሉ መንግሥት ለባንክ ዋስ ሆኖ ስለሚያስወስደው፣ የዱቤው መዝገብ በተዛባ ቁጥር ጉዳቱ ከቀበሌ አልፎ እስከ ክልል በጀት ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ አቤት ባሉ ጊዜ፣ የአንድ ስም በዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖር የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ እንደነበር ሁላችንም አይተናል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው «ጸሐፊ ምን ያድርግ? የተባለውን ይጽፋል» የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የኩባንያ ጸሐፊን የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ተራ አገልጋይ አድርጎ ተመልክቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን አንድ ጸሐፊ በኩባንያው ስም መኪኖች እየተከራየ ለግል ጉዳዩ በተጠቀመበት ክስ፣ ሎርድ ዴኒንግ የተቀመጡበት ችሎት ያን አመለካከት ሽሮ፣ ጸሐፊ ኩባንያውን የሚያስገድድ ሥልጣን ያለው ሹም ነው ሲል ኩባንያው ኪራዩን እንዲከፍል ወሰነ። ሥልጣን ካለ ኃላፊነት አለ። በእኛም አገር የ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ቃለ ጉባኤንና የሒሳብ መዛግብትን መያዝ የሥራ አመራር ኮሚቴው ግዴታ አድርጎት ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ሲተካውም መዝገብ መያዝ ቀልድ አልሆነም። የአባላት ኃላፊነት በገዙት ዕጣ የተወሰነ ነው። በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ግን በዕጣው ሊከለል አይችልም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ይካስ ይላል። ሕግ አለማወቅም ይቅርታ አያሰጥም።

ሁለተኛው አስተያየት የባለሥልጣናቱ ነው፤ «ፈርሟል፣ ይጠየቅ» ይላሉ። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ሕጉ ፈራሚውን ነጥሎ አልያዘምና። ብዙ ሰዎች ለአንድ ጉዳት ተጠያቂ ሲሆኑ ኃላፊነታቸው የአንድነትና የነጠላ ነው፤ በአነሳሹ፣ በዋናው አድራጊና በተባባሪው መካከልም ልዩነት አይደረግም። ስለዚህ «ለእገሌ ስጥ፣ በኋላ እናስተካክላለን» ብሎ በቃል ያዘዘው ሰው ከጸሐፊው እኩል መቆም አለበት። ችግሩ ማስረጃው ነው። ያዘዘው አልጻፈም፤ የጻፈው አላዘዘም። ያ ገበሬ በሬውን ሸጦ ሲከፍል አዛዡ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ይሾማል። ይህ ፍትሕ ነውን?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች አንድ ጋሻ ሰጥቶ ነበር፦ ጥፋት የሌለበትና ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ያስታወቀ ዳይሬክተር ከኃላፊነት ይድናል። ለአዲስ አበባ ባለሀብት የተሰጠ ጋሻ ለነፋስ መውጫና ለወገዳ ገበሬ የማይሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? እያንዳንዱ ማኅበር በመተዳደሪያ ደንቡ ሦስት ነገር ያስገባ፦ ከኮሚቴው ውጭ የሚመጣ ትእዛዝ በደብዳቤ ካልሆነ አይፈጸም፤ የተቃወመ አባል ተቃውሞው በስሙ ይመዝገብ፤ ቃለ ጉባኤው ለጠቅላላ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ኦዲቱም ዓመት እየጠበቀ በወቅቱ ይደረግ፤ ዘግይቶ የመጣ ኦዲት የሚያገኘው ያዘዙት ከሄዱ በኋላ የቀረውን ፈራሚ ነውና።

«ደብዳቤ አምጣ ያለ ጸሐፊ ፀረ ልማት ይባላል» የሚሉ አሉ። ሊባል ይችላል። ለዚህም ነው ሸክሙ በአንድ ሰው ድፍረት ላይ መጣል የሌለበት፤ ደንቡ የጉባኤው ከሆነ እምቢታውም የጉባኤው ይሆናል። ብቻውን እምቢ ያለውን ማስፈራራት ቀላል ነው፤ መቶ አባወራ ያጸደቀውን ደንብ ግን በስልክ መሻር አይቻልም።

ጸሐፊው ይጠየቅ፤ አንከራከርም። የሚጠየቀው ግን በጻፈው እንጂ ሌላው በተናገረው አይሁን። ማኅተሙን የሰጠነው ሰው ማኅተሙን የሚጠብቅበት ሥልጣን ካልሰጠነው፣ ጸሐፊ ሳይሆን ዋስ መርጠናል።

ልብ ያለው ልብ ይበል።